መሸኛዋን ይዛ የጠፋችው ምስክር



ዛሬ የማወራላችሁ አንዲት የፖሊስ መርማሪ፣ ቃሏን ከሰጠች በኋላ የጠፋችባትን የ15 ዓመት ልጅ እንዴት እንደምትፈልግ ነው። ልጅቷን በስም አልጠራትም፤ ስምም የላትም። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስዞር በኖርኩባቸው ዓመታት ከመርማሪዎች፣ ከዐቃብያነ ሕግና ከቤት ሠራተኞች አፍ ከሰማሁት ቆራርጬ የሰፋኋት ናት። ስለዚህ «የእገሌ መዝገብ ነው» ብላችሁ እንዳትጠረጥሩኝ። የምጠቅሳቸው ሕጎች ግን በነጋሪት ጋዜጣ የታተሙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከጎጃም ገጠር መጥታ በደላላ የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ ናት። አንድ ማታ ግቢው ውስጥ በተነሣ ጠብ ሰው ተገደለ። ከማድ ቤቱ መስኮት ሆና ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ተጠርጣሪው የአሠሪዋ ወንድም ነው። በማግሥቱ ጣቢያ ወስደው ቃሏን ተቀበሏት፤ ያየችውን ተናገረች፤ ፈረመች። ሰውዬው ተያዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ከቤቱ ወጥታ በዚያው ቀረች። መዝገቡ ለአንዲት ሴት ኢንስፔክተር ተመራ። አለቃዋም «ልጅቷን ፈልጊልኝ፤ ያለ እሷ መዝገቡ ባዶ ነው» አላት።

ፊልም የለመደ ሰው እዚህ ላይ መናኸሪያ ሲከበብ ይታየዋል። እርግጥ አውቶብስ ተራም ላምበረትም ሰው ይላካል። ለትውልድ ወረዳዋ ፖሊስ ይደወላል። ስልኳ ይሞከራል፤ ዝግ ነው፤ ሲም ካርዱም በእሷ ስም የወጣ አይደለም። ይህ ሁሉ የሚደረገው መደረግ ስላለበት ነው እንጂ ብዙም አይገኝበትም። ከሰው ቤት የወጣች ልጅ ባዶ እጇን ወደ እናቷ አትመለስም። «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ለሚለው ጎረቤት የምትሰጠው መልስ የላትም። ፖሊስ መጀመሪያ የሚደውለው ወደዚያ መሆኑንም አሳምራ ታውቃለች።

ኢንስፔክተሯ የጀመረችው ከማድ ቤቱ ነው። የስፖንጅ ፍራሹ ተጠቅልሎ ከጤፉ ጆንያ አጠገብ ቆሟል። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈች የማርያም ሥዕል አለች። በፌስታል የታሰሩ ሁለት ቀሚሶችና ከነካርቶኑ የተቀመጠ ለበዓል የተገዛ ጫማ ጥግ ላይ አሉ። አሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ ታወራለች።

«ልብሷን ትታ የት ትደርሳለች ብለሽ ነው? ሲቸግራት ትመጣለች።»

«ደብተሯስ?»

«የምን ደብተር?»

«ማታ አትማርም እንዴ?»

«ትማር ነበር... አዎ፣ ትማር ነበር።»

«ስንተኛ ክፍል?»

እመቤቲቱ አታውቅም። ልጅቷ እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች።

የማታ ትምህርት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሩቁ ስለሆነ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ አመሻሽ ላይ፣ የቀን ተማሪዎች የለቀቋቸው ክፍሎች በቤት ሠራተኞች፣ በጥበቃዎችና በቀን ሠራተኞች ይሞላሉ። ገና ሲቀጠሩ ከደመወዙ እኩል የሚደራደሩበት ነገር ነው፤ «ማታ እማራለሁ» ያለችን ልጅ አንዳንዱ አሠሪ በደስታ ይቀጥራታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከደመወዟ ላይ ይቀንስባታል። ልጆቹ ዜና የሚለዋወጡት እዚያ ነው። የትኛዋ እትዬ ክፉ እንደሆነች፣ የት ሰፈር ሰው እንደሚፈለግ፣ ዓረብ አገር የሄደችው ጓደኛቸው ምን ብላ እንደደወለች፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል። በኔ ግምት ከተማው ውስጥ ስላሉ ቤቶች ከየትኛውም የክትትል ክፍል ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መርማሪዎች ግን ወደዚያ እምብዛም አይሄዱም፤ ምናልባት ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው የእነሱ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ስለሆነ ይሆናል።

ኢንስፔክተሯ ሲቪል ለብሳ ሄደች። የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስሟን ሲሰማ መዝገቡን መፈለግ አላስፈለገውም። «እሷማ መሸኛ ወስዳለች» አለ። ቀኑ ሲታይ ልጅቷ ከቤት ከመውጣቷ ሦስት ቀን በፊት ነው። መሸኛው ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደምትሄድ አይልም፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የተጻፈ ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ፍለጋው ከዚህ በኋላ መልኩን ቀይሯል። ደንግጦ የሚሮጥ ሰው መሸኛ አያወጣም። መሸኛ ለማውጣት ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፣ ተራ ይጠበቃል፣ «ነገ ተመለሺ» ይባላል። ይህች ልጅ እነዚያን ቀናት ሁሉ ሰሃን እያጠበች አሳልፋለች። የምትሄድበትን አስባበታለች፤ ትምህርቷን ልትቀጥል ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ውስጥ፣ በምታምነው ሰው አጠገብ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሸኛው የሸሸችው ከአንድ ቀን ማስፈራሪያ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ «እዚህ መቆየት አልችልም» ያሰኛት ነገር አለ።

ስለዚህ ኢንስፔክተሯ የራሷን መዝገብ ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። ያገኘችውን እነሆ። ልጅቷን መጀመሪያ የጠየቃት በር ላይ የደረሰው የማኅበረሰብ ፖሊስ ነው። ከዚያ ተረኛው ጠየቃት። ከዚያ የመጀመሪያው መርማሪ ጠይቆ ጻፈ። እሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር የተተካው «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት። ቦታው ላይ ወስደው «የት ቆመሽ ነበር?» አሏት፤ የቆመችበት ደግሞ በየቀኑ ወጥ የምትሠራበት ቦታ ነው። ዐቃቤ ሕግ ጋ ስትቀርብ እንደገና ተናገረች። አንድ ጊዜ ቃሏን ስትሰጥ በሩ ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ለእስረኛው ምሳ ያመጡ ዘመዶቹ ተቀምጠው ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል ማታ ማታ የምትተኛው የት ነው? እዚያው ማድ ቤት፣ ወንድሟ የታሰረባት ሴት ቤት ውስጥ።

ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም። ቃሏን የተቀበለው ሰው ማታ ሆኖ «የት ታድራለች?» ብሎ ቢያስብ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ «በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» አላት። ቤቱ ውስጥ ማንም አልመታትም፣ ማንም «እገድልሻለሁ» አላላትም። እትዬ ማናገር ብቻ አቆሙ። የሦስት ወር ደመወዟን ስትጠይቅ «ይህ ጉዳይ ይለቅና እንነጋገራለን» ተባለች። ደመወዟን በሕግ ልጠይቅ ብትል እንኳ መንገዱ ቀጭን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግለሰብ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጓቸዋል። ከዚያ ደግሞ ተያዧ ተጠራች።

ተያዥ ማለት ልጅቷ ስትቀጠር የፈረመችላት የአገሯ ልጅ ናት፤ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ልጅቷ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ካለ እሷ ናት። ይህን ኢንስፔክተሯም አጠገቧ ያለው ባልደረባዋም እኩል ያውቁታል። ባልደረባዋ የሰጠው ሐሳብ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። «ሴትዮዋን አንድ ሌሊት እዚህ ብናሳድራት፣ ጠዋት ልጅቷ ራሷ ትመጣለች።»

ልክ ነው፤ ትመጣለች። ይህን መካድ አያስፈልግም፤ ዘዴው የሚሠራ ባይሆን ኖሮ ማንም አይጠቀምበትም ነበር። ነገር ግን ተያዥዋ በወንጀል አልተጠረጠረችም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ማንም ነጻነቱን እንዳያጣ ይላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ ቃል በሚቀበልበት ጊዜ ማባበያም ሆነ ማስፈራሪያ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ሕጉን ለጊዜው እንርሳው ብንል እንኳ ሒሳቡ አያዋጣም። እንዲህ ሆና የመጣች ልጅ ችሎት ፊት ስትቀርብ «አላስታውስም» ትላለች። ያን ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ቃሏን እንደካደች ምስክር ቆጥሮ ይጠይቃታል፣ ተከላካይ ጠበቃው ደግሞ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። «አላስታውስም» ብላ ስትወርድ ግን ማንም «ለምን?» ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም።

ኢንስፔክተሯ ጉልቱ ጋ ብቻዋን ሄደች። ሽንኩርት ገዛች። «ልጅቷ የት ናት?» ብላ አልጠየቀችም። የተናገረችው ሦስት ነገር ነው፤ አንቺን የሚያስር የለም፤ ልጅቷ ጥፋት ስለሌለባት አትታሰርም፤ ወደዚያ ቤት የሚመልሳት የለም። ስልክ ቁጥሯን በሽንኩርቱ መጠቅለያ ላይ ጽፋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ሚዛኗን እያስተካከለች «እኔ ምን አውቄ» አለች። በሁለተኛው ቀን ስትመለስ ግን ወንበር ሰጠቻት።

አሁን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ እንደማይቀር አውቃለሁ። ይህን ያደረገችው ሴት ስለሆነች ነው? ወንድ መርማሪ ቢሆን ወንበሩ አይሰጠውም ነበር? ምናልባት። ግን ሴት መርማሪ መመደብ በራሱ መድኃኒት ተደርጎ ሲነገር እጠራጠራለሁ፤ የምጠራጠርበትን ምክንያት ለንደን ውስጥ ከሆነ ነገር ልንገራችሁ። ሊሊያን ዋይልስ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በለንደን ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ውስጥ የሴቶችንና የሕፃናትን ቃል እንድትቀበል ተመድባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 አይሪን ሳቪጅ የተባለች ወጣት ሠራተኛ፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከአንድ ታዋቂ ሰው ጋር ተይዛ፣ ክሱ ውድቅ ከሆነ በኋላ፣ ፖሊሶቹ ዋሽተው እንደሆነ ለማጣራት ለሌላ ምርመራ ተፈለገች። ከሥራ ቦታዋ በመኪና ሲወስዷት ዋይልስ አብራ ነበረች። የፖሊሱ ዋና መሥሪያ ቤት ስኮትላንድ ያርድ ሲደርሱ ግን ዋና መርማሪው ዋይልስን አሰናበታትና ልጅቷን ለሰዓታት ብቻዋን ጠየቃት። ነገሩ ፓርላማ ደርሶ አጣሪ ጉባኤ እስከማቋቋም አደረሰ። ሴት መርማሪ በመዝገቡ ላይ ነበረች፤ በመኪናው ውስጥ ነበረች፤ ጥያቄው ሲጀመር ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ዛሬ ስለ ሴት መርማሪዎች ቁጥር ስንዘግብ ይህን አብረን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል። ልጅቷን ለመጥራት ነው የምትላከው ወይስ መጨረሻውን ለመወሰን ሥልጣን አላት?

የእኛዋ ኢንስፔክተር ሥልጣን ነበራት፤ ወይም ቢያንስ አለቃዋ አልተከራከራትም። ስልኩ የተደወለው በማታ፣ ከማይታወቅ ቁጥር ነው።

«እትዬ፣ ፖሊሷ ነሽ?»

«አዎ የኔ እናት። ደህና ነሽ?»

«ተያዤን ታስሯታላችሁ?»

«አናስራትም። እሷ ምን አደረገች?»

ዝም አለች። ከዚያ «መሸኛዬን ትወስጂብኛለሽ?» አለች።

ይህ ጥያቄ ለኢንስፔክተሯ አስደንጋጭ ነበር። ስለ ገዳዩ አልጠየቀችም። ስለ ጥበቃም አልጠየቀችም። የፈራችው ፖሊስ ስታገኛት የምታጣውን ነው፤ ለሷ ዋጋ ያለው ያ ወረቀት ነው። ቀጥሎ የጠየቀችው የሦስት ወር ደመወዟን ነው። ኢንስፔክተሯ «ደመወዙን ማስከፈል የኔ ሥልጣን አይደለም፣ ግን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። የማትችለውን ቃል አልገባችላትም። እኔ በዚህ መዝገብ ውስጥ ትልቁ የመርማሪነት ሥራ የተሠራው በዚያ ስልክ ላይ ነው እላለሁ፤ መናኸሪያ ከመክበቡ ይልቅ።

እንግዲህ ተገኘች። ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም መገኘቷ ብቻ ምንም አይፈታም።

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለን። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ የሰው መግደል መዝገብ ይገባበታል። መኖሪያ ቦታን መቀየር፣ ማንነትን መደበቅ፣ ቃልን በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መስማት፣ ተከሳሹ ወደ ምስክሩ መኖሪያ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት እንዳይደርስ መከልከል፣ እነዚህ ሁሉ ተጽፈዋል። ራስን መከላከያ የጦር መሣሪያ መስጠትም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለ15 ዓመት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እያሰብኩ አንዳንዴ እስቃለሁ። አዋጁ ሲረቀቅ በሐሳባቸው የነበረው ምስክር አዋቂ፣ ቤት ያለው፣ ምናልባትም የቢሮ ሠራተኛ የሆነ ወንድ ይመስለኛል። ደመወዟ የተያዘባት፣ የምትተኛበት ቦታ የሥራ ቦታዋ የሆነ ልጅ ለጥበቃ ጥያቄ ማመልከቻ ጽፋ ታቀርባለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አንድ ሰው በመጀመሪያው ማታ «የት ታድራለች?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ያም ሰው መርማሪው ነው።

የሕፃናት ችሎቶቻችን ጥሩ ነገር አላቸው። ልደታ ያየሁት ለልጆች የተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ልጁ ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ የዳኛው ጥያቄ ለባለሙያዋ ይደርሳል፤ እሷ በልጁ ቋንቋ ትጠይቀዋለች፤ ችሎቱ በስክሪን ያየዋል። ተከሳሹን ልጁ አያየውም። ነገር ግን ይህ በዋናነት የተሰናዳው ጥቃት ለደረሰባቸው ሕፃናት ነው። በሌላ ሰው ላይ የተፈጸመ ወንጀል ያየች ልጅ እዚያ ክፍል የምትደርሰው ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ካሰቡላት ነው። ደግሞም ክሱ ተመሥርቶ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ተገፍቶ፣ ከወራት በኋላ ነው። ልጆች የሚጠፉት በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይመስለኝም። የ1954ቱ ሕግ ቀዳሚ ምርመራ የሚባል ሥርዓት አለው። በከባድ የሰው መግደልና በከባድ ውንብድና ክሶች የምስክሮች ቃል ከክርክሩ በፊት በፍርድ ቤት ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ያደርጋል። አንቀጽ 144 ደግሞ እንዲህ የተመዘገበ ቃል ምስክሩ ቢሞት፣ ቢታመም ወይም ሊገኝ ባይችል በክርክሩ ላይ ሊነበብና ማስረጃ ሊሆን ይችላል ይላል። «ሊገኝ ባይችል» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ከስልሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ሕግ የእኛን ልጅ አስቦላታል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በፖለቲካ መዝገቦች ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቼ ከመጋረጃ ጀርባ ይሰሙልኝ ሲል አብዛኞቻችሁ ቀዳሚ ምርመራ የሚለውን ያን ጊዜ ሰምታችሁታል። ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚነሣው ለትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ላየች ልጅ ግን ይበልጥ ያስፈልጋታል፤ ሁለተኛው መርማሪ ከመተካቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ጊዜ ዳኛ ፊት ብትናገር ኖሮ ስድስት ጊዜ ባልተናገረች ነበር።

ጠበቆች እዚህ ላይ ፊታችሁን ማጨማደዳችሁ አይገርመኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሹ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ተጠርጣሪው ጠበቃ ሳያገኝ የልጅቷ ቃል ተመዝግቦ ኋላ «ሊገኝ ባይችል» ተብሎ ቢነበብበት ግፍ ነው። ስለዚህ በቀዳሚው ምርመራ ጠበቃ ይኑር፤ ጥያቄውን ያኔ ይጠይቅ፤ ልጅቷም በባለሙያ በኩል ትመልስ። ትዝታዋ ትኩስ ሳለ ስትጠየቅ ተሳስታ ከሆነም ያኔ ይታወቃል። ንጹሕ ሰው ታስሮ ከሆነ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው። በዚህ ላይ መርማሪውም ጠበቃውም አንድ ወገን ሊቆሙ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ በሌሎች ጉዳዮች ላይ እንደዚህ ሲሆኑ ብዙም አላየሁም።

ልጅቷ እስከዚያ የቆየችው በተያዧ ዘመድ ቤት ነው፤ የክልል ከተማ ነው፤ ስሙን አልናገርም። ኢንስፔክተሯ ራሷ ሄዳ አመጣቻት፤ መኪናው የፖሊስ አልነበረም። መሸኛዋ በፌስታል ተጠቅልሎ በእጇ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ቃሏ ቀድሞ እንዲመዘገብ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ተጠየቀ። እሱም «ቀዳሚ ምርመራ ጊዜ ይወስድብናል» አለ።

ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ ዐቃብያነ ሕግ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ውይይቱን ከዚሁ መልስ እንጀምር፤ ማይኩን ለእናንተ።